የትኛው ቅኝት?

የአጎቴ ልጅ የጤና ሥልጠና ወስዳ ወደ ግራና ስትመለስ አንድ ወፍራም ደብተር ይዛ መጣች። ማታ ቡና ተፈልቶ፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሊቀዳ ሲል ደብተሩን ገልጣ ማጥናት ጀመረች። «ሰርቬይላንስ ማለት ቅኝት ማለት ነው» አለች ጮክ ብላ። እንዳይጠፋት ነው። አያቴ ጀበናውን እንደያዘች ቀና አለች።

«የምን ቅኝት?»

«የበሽታ ቅኝት ነው፣ እማ።»

«ኧረ ባክሽ! የባቲ ነው የአምባሰል?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። አያቴ ግን የምሯን ነበር። ለእሷ ቅኝት ማለት የክራር ነው፣ የማሲንቆ ነው። በሽታ እንዴት ብሎ ይቃኛል?

ግራናን ለማታውቁ፦ በሰሜን ወሎ፣ ሀብሩ ወረዳ ውስጥ፣ ከመርሳ ብዙም የማትርቅ ትንሽ ከተማ ናት። ስሟን ሰምታችሁ ከሆነ ምናልባት «የቆቦ–ግራና ሸለቆ» ሲባል፣ ከመስኖ ጋር ተያይዞ ይሆናል። አምባሰል ጎረቤታችን ነው። ሌላው ኢትዮጵያዊ አምባሰልን መጀመሪያ በዘፈን ነው የሚያውቀው፤ እኛ ግን መጀመሪያ ተራራውን ነው የምናውቀው። ስለዚህ የአያቴ ጥያቄ እዚህ አገር እንግዳ ጥያቄ አይደለም።

እኔ ግን ጥያቄዋን ይዤው ከረምሁ። «ሰርቬይላንስ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በፊልምና በዜና ስንሰማው ወደ አእምሯችን የሚመጣው ስለላ ነው፤ የተጠለፈ ስልክ፣ ከግድግዳ ላይ የምታይ ካሜራ፣ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ቤት የሚጠብቅ ሰው። የአጎቴ ልጅ ደብተር ውስጥ ሲገባ ደግሞ ይኸው ቃል ሕፃናትን ከኩፍኝ የሚያድን ሥራ ነው። አንድ ቃል እንዴት ሁለቱንም ይሆናል? እኛስ ወደ አማርኛ ስናመጣው የትኛውን ስም ነው የምንሰጠው?

የቃላት ጨዋታ ነው የሚመስለው? ከመርሳ ወደ ደሴ ስትሄዱ መንገዳችሁ ላይ ውጫሌን ታገኛላችሁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያ አካባቢ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይችላሉ» የሚል፣ በጣሊያንኛው ደግሞ የሚያስገድድ ነበር። በአማርኛው ዳግማዊ ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለመጻጻፍ ቢፈልጉ በጣሊያን በኩል ማድረግ ይችላሉ፤ በጣሊያንኛው ግን የግድ በጣሊያን በኩል ነው። ከአንድ ግሥ የተነሳ አገር ሊሸጥ ነበር። ቃል ሲተረጎም ምን እንደሚሆን ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ነቅቶ ማደር

ሰርቬይላንስን እንግሊዝኛ ከፈረንሳይኛ ነው የወሰደው። ሁለት ቁራጭ አለው፦ «ሱር» ማለት ከላይ ማለት ነው፤ «ቬዬ» ደግሞ ነቅቶ ማደር፣ ሳይተኙ መጠበቅ። ሥሩ ላቲን ነው፤ በበዓል ዋዜማ ለጸሎት ነቅቶ የማደር ስም የሆነው «ቪጂል»ም የወጣው ከዚያው ነው። እንግዲህ ቃሉ ሲወለድ ክፉ አልነበረም። የታመመ ልጇ አጠገብ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኗን ሳትከድን የምታድር እናት አለች በውስጡ። ግን «ሱር»ም አለ፤ ከላይ ሆኖ ማየት። የሚያየው ከላይ፣ የሚታየው ከታች።

ቃሉን ዓለም ያወቀው በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ነው። መጋቢት 21 ቀን 1793 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ በየከተማውና በየሰፈሩ 12 አባላት ያሉት «የሰርቬይላንስ ኮሚቴ» እንዲቋቋም አዘዘ። የመጀመሪያ ሥራው ምን መሰላችሁ? የውጭ ሰዎችን መመዝገብ። ማን መጣ? ከየት መጣ? ምን ሊሠራ መጣ? በዚያው ዓመት መስከረም ላይ «የተጠርጣሪዎች ሕግ» ታወጀ፤ የኮሚቴዎቹ ዓይንም ከውጭ ሰው ወደ ጎረቤት ዞረ። እንግዳን ለመመዝገብ የተቋቋመው ኮሚቴ በጥቂት ወራት ውስጥ የሰፈሩን ሰው ማሳሰር ጀመረ። ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የተሻገረው ከዚህ በኋላ፣ ይህንን ሁሉ ተሸክሞ ነው።

እንግሊዝኛ ከዚያ በፊት ለዚህ ሥራ ቃል አጥቶ አልነበረም። «ስፓይ» ነበረው። «ኢቭስድሮፕ»ም ነበረው፤ ይህኛው መጀመሪያ ትርጉሙ ከጣራ ክፈፍ የሚንጠባጠብ ውኃ የሚያርፍበት ቦታ ማለት ነው። እዚያ ቆሞ፣ ግድግዳ ተጠግቶ የሰው ወሬ የሚያደምጥ ሰው ስሙን ከቦታው ወረሰ። እነዚህ ቃላት ነውራቸውን በግንባራቸው ለጥፈው ነው የሚሄዱት። ሰርቬይላንስ ግን የታጠበ ቃል ነው። የቢሮ ቃል ነው። በዛሬው የእንግሊዝኛ አነጋገር ጠላት ሲያደርገው «ስፓይ» ይባላል፤ የራስ መንግሥት ሲያደርገው «ሰርቬይላንስ»። ሥራው ያው ነው፤ ስሙ ግን ሱፍ ለብሷል።

የእኛ ቃላት

አማርኛ ይህን አንድ ቃል ለብዙ ይሰነጥቀዋል።

ሰለለ አለ። ተደብቆ አይቶ ለሌላ ማድረስ ነው። ሰላይ የምንለው ሰው ሁልጊዜ ከኋላው ላኪ አለው። ለጆሮው ደግሞ የተለየ ስም አለን፤ «ጆሮ ጠቢ»። ይህ ስድብ ነው፤ ማንም ሰው ሥራውን ሲጠየቅ «ጆሮ ጠቢ ነኝ» ብሎ አይመልስም።

ተከታተለ አለ። ክትትል እንደያዘው ሰው ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ክትትል አላት፤ የሚፈራ ሰውም «ክትትል አለብኝ» ይላል። «አላት» እና «አለብኝ»፤ ልዩነቱን እዩልኝ። አንዷ ክትትሉን አግኝታዋለች፤ ሌላው ተጭኖበታል።

ጠበቀ አለ። እረኛ ከብት ይጠብቃል፤ ዘብ እስረኛ ይጠብቃል፤ እግዜርም አላህም «ይጠብቅህ» እየተባለ ይለመናል። ፍርድ ቤት ስለ እኛ የሚቆመው ሰው ጠበቃ ነው፤ ያው ሥር ነው።

ቃኘ አለ። ይህ ቃል ሁለት መንገድ ይሄዳል። አገር ይቃኛል፤ የጠላት ሰፈር ይቃኛል። ክራርም ይቃኛል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ «ቅኝት» የሚባሉት ለዚህ ነው። ልብ ብላችሁ ከሆነ «ቅኝ ግዛት» በሚለው ቃል ውስጥም ቅኝ የሚል ድምፅ አለ፤ አገር የሚቃኝ ሰው ሁሉ ዘፈን ሊዘፍን አይደለም የሚመጣው።

ሁሉም ውስጥ ዓይን አለ። በግዕዝ ሰላዮች «ሰብአ ዐይን» ይባላሉ፤ የዓይን ሰዎች ማለት ነው። በዐረብኛም «ዐይን» የሚለው ቃል ራሱ ሰላይ የሚል ትርጉም አለው። እኛ ቤት፣ እንደ ብዙ የወሎ ቤት፣ በአንድ ወገን መጽሐፍ ቅዱስ በሌላው ቁርአን ይነበባል። ዮሴፍ ግብፅ ወርደው የማያውቁትን ወንድሞቹን «ሰላዮች ናችሁ» ብሎ እንዴት እንዳስጨነቃቸው በአንዱ ወገን እንሰማለን። በሌላው ወገን በሱረቱል ሑጁራት ሰው የሰውን ነውር እንዳይሰልል፣ በጥርጣሬም እንዳይቸኩል ተከልክሏል፤ ሳያስፈቅዱና ሰላም ሳይሉ ሰው ቤት መግባትም ክልክል ነው። ለዚህ ነው መሰለኝ በእኛ አገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ደጅ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ የሚጣራው። በሩ ገርበብ ቢል እንኳ ገብቶ አያይም። ቆሞ ይጣራል።

አንድ ቃል ቀረኝ፤ ከሁሉም የምወደው። «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» እንላለን። ቁራኛ ምን እንደነበረ ግን ብዙዎቻችን ረስተነዋል። በድሮው ፍርድ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ አንድ ላይ ይታሰሩ ነበር፤ የልብሳቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ ወይም እጅ ለእጅ በሰንሰለት። ተከሳሹ ማምለጥ አይችልም። ከሳሹም አይችልም! አብሮት ይሄዳል፣ አብሮት ይበላል፣ አብሮት ያድራል። ጠባቂው ራሱ እስረኛ ነው። ከሰሰ የተባለ ሰው የክሱን ዋጋ በገዛ እጁ አንጓ ላይ ይሸከማል።

አሁን ወደ ታሪኩ ስንሄድ ይህችን ሰንሰለት አትርሷት። የኋላው ዘመን ታሪክ በአብዛኛው ይህች ሰንሰለት በአንድ በኩል ብቻ እንዴት እንደቀረች የሚተርክ ነው።

ትልቁ ጆሮ

ስለላ ሁሉ ነውር ነው ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። የውጫሌው ውል ዓድዋ ላይ ሲደመደም ባሻይ አውአሎም ሐረጎት የሚባል ሰው ነበረ። ጣሊያኖች የእኛ ሰላይ ነው ብለው አመኑት። እሱ ግን የኢትዮጵያ ጦር ስንቅ ፍለጋ ተበትኗል፣ ሰፈሩ ሳስቷል የሚል ወሬ ለጄኔራል ባራቲየሪ አደረሰ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነውን ታውቃላችሁ። አውአሎም እስከ ዛሬ በክብር ነው የሚነሳው። የታየው ሊወጋን የመጣ ሠራዊት ነበር።

ከዓድዋ ጀግኖች አንዱ ራስ መኮንን ናቸው፤ የፈረስ ስማቸው አባ ቃኘው። ልጃቸው ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ ወደ ኮርያ የዘመተው ጦር በዚሁ ስም «ቃኘው» ተባለ። ከዚያም ስሙ ወደ አሥመራ ሄደ። አሜሪካኖች ከ1943 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጣሊያን ትቶት በሄደው የሬዲዮ ጣቢያ የሌላውን ዓለም የሬዲዮ መልእክት ይጠልፉ ነበር፤ በ1953 እ.ኤ.አ. በተፈረመ ስምምነት ቦታው ጸና፣ «ቃኘው ጣቢያ»ም ተባለ። ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ ለምድር ወገብ ቀርቦ የተቀመጠ፣ ከሩቅ የሚመጣ ሬዲዮ ጥርት ብሎ የሚሰማበት ቦታ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ አሜሪካውያን እዚያ ኖረዋል፤ እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ድረስ።

ቃኘው። የክራር ቃል ነው፤ የፈረስ ስም ሆነ፤ ከዚያ በቀዝቃዛው ጦርነት ዓለም ላይ ካሉት ትልልቅ ጆሮዎች የአንዱ ስም ሆነ።

አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ሌላ ዓይንና ጆሮ ነበረ። ሚኒስትሩ መኮንን ሀብተወልድ ወሬ አቀባዮቻቸው በየቦታው እንደነበሩ የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። የጸጥታው ሥራ በኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁ እጅ ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ መፈንቅለ መንግሥት ሲነሳ ከመሪዎቹ አንዱ ይኸው የጸጥታ ሹም ሆኖ ተገኘ። ዙፋኑን የሚጠብቀው ዓይን ራሱ ዞረ። መኮንን ሀብተወልድም በዚያው ግርግር ከተገደሉት ሹማምንት መካከል ነበሩ።

ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ዓይን፣ ይህ ሁሉ ጆሮ ያለው መንግሥት ከ1965 እስከ 1966 ዓ.ም. ወሎን እንዴት ሳያያት ቀረ?

ስውሩ ረሃብ

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ ዛሬም የምንመላለስበት ነው። በዚያ ዘመን የተራበ ሰው ከየቀዬው ወጥቶ ወደዚህ መንገድ ነበር የሚመጣው። ለምን? መንገድ ላይ መኪና ያልፋል። መኪና ውስጥ ያለ ሰው ያያል። ያየ ሰው ደግሞ ይናገራል። የወሎ ገበሬ የመጨረሻ ተስፋው መታየት ነበር።

መንግሥት ግን ነገሩ እንዳይታወቅ ሸፈነው። ያዩት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ፎቶ አንስተው ተመለሱ፤ ተማሪዎቹም ፎቶውን አይተው ተነሱ። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ ስሙን በአማርኛ ብንለው «ያልታወቀው ረሃብ» ነው። የሞተው ሰው ቁጥር እንደ ገማቹ ከ40,000 እስከ 200,000 ይደርሳል። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ማታ፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር እያቀያየረ ለኢትዮጵያ ሕዝብ አሳየ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ።

ይህ ነው እንግዲህ እኔን የሚያስጨንቀኝ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማን ምን እንዳለ የሚያውቅ መንግሥት፣ ሀብሩ ውስጥ ማን ምን እንዳልበላ አያውቅም ነበር። ወይም አውቆ አላየም። የሚሰልል ዓይን የሚፈልገው ዙፋኑን የሚነካውን ብቻ ነው። የተራበ ሰው ዙፋን አይነካም፤ በመንገድ ዳር ዝም ብሎ ይወድቃል። ስለላ ነበረ። ጥበቃ ግን አልነበረም።

መሰለል እና መታየት አንድ አይደሉም። ሰዎች ይህን የሚያቀላቅሉት ሁለቱም ዓይን ስለሚጠይቁ ነው።

ደህና ነህ?

ደርግ መታየትን ተጠቅሞ መጣ፤ ከዚያ ራሱ ማየት ጀመረ። በየከተማው ቀበሌ፣ በየገጠሩ የገበሬ ማኅበር፣ በየቀበሌው አብዮት ጠባቂ። በ1969 ዓ.ም. ቤት ለቤት የተካሄደው ፍተሻ «አሰሳ» ተባለ። ይህን የምታነቡበት መተግበሪያ በአማርኛ ምን ይባላል? «አሳሽ»። ለእናንተ ድረ ገጽ መክፈቻ ነው። ያንን ዘመን ላለፈ ሰው ግን በሌሊት በር የሚደበደብበት ድምፅ ነው። ቃላት አይሞቱም፤ ልብስ ይቀይራሉ።

ከሁሉ የሚገርመው ግን «ደህንነት» ነው። ኮሎኔል ተስፋዬ ወልደሥላሴ ይመሩት የነበረው የስለላ ሚኒስቴር በስሙ ውስጥ ይህን ቃል ይዞ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጡትም አልጣሉትም። ቃሉን ቀስ ብላችሁ በሉት፦ ደህና፣ ደህንነት። «ደህና ነህ?» «ደህና ነሽ?» ብለን በቀን መቶ ጊዜ የምንጠያየቀው ነው። የጤናችን፣ የሰላማችን ስም ነው። እንዲህም ሆኖ አንድ ሰው በሹክሹክታ «እሱ እኮ ደህንነት ነው» ሲላችሁ ደህና መሆናችሁ እዚያው ላይ ያበቃል። ወሬ ይቀየራል። ስለ ዝናብ ይወራል።

በዚሁ ዘመን ግን ሌላኛው ዓይነት ማየትም ተጀምሯል። ከወሎው ረሃብ በኋላ የተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1976 እ.ኤ.አ. የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራ ጀመረ። ዝናቡ መጥቷል ወይ? እህል ስንት ገባ? ከብቱ እየተሸጠ ነው ወይ? ገበሬ በሬውን መሸጥ ሲጀምር ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ግራና ያለ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል፤ ያንን ዕውቀት በወረቀት ላይ አስፍሮ በጊዜ ለሚመለከተው ማድረስ ነው ሥራው። ይህ በእንግሊዝኛ «ሰርቬይላንስ» ይባላል። በአማርኛ ግን ማንም «ስለላ» አይለውም።

ማየት ብቻውን ግን አይበቃም። ኮሚሽኑ በ1984 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ለለጋሾች አስጠንቅቋል፤ እርዳታው ዘገየ፤ መንግሥትም መስከረም 1977 ዓ.ም. ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት ድግስ ይሽቀዳደም ነበር። ዓለም የነቃው በጥቅምት የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ከቆረም ያነሳውን ምስል ሲያሳይ ነው። ቆረም በዚያን ጊዜ የወሎ ክፍለ ሀገር ነበረች። በአሥር ዓመት ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ፣ ወሎ ሞታ ካልታየች የማትታይ ሆነች።

አንድ ለአምስት

ከደርግ በኋላ የመጣው መንግሥት «አንድ ለአምስት» የሚባል አደረጃጀት አመጣ። አንድ ግንባር ቀደም አምስት ሰው ይይዝ ነበር። የማዳበሪያ፣ የክትባት፣ የመጸዳጃ ቤት ቁፋሮ ወሬ የሚወርደው በዚያ ነበር። እናቶች ጤና ተቋም እንዲወልዱ የሚመከረውም በዚያ ነበር። ማን ስብሰባ እንደቀረ፣ ማን ምን እንዳጉረመረመ ወደ ላይ የሚወጣውም በዚያው መሰላል ነበር። መሰላል አንድ ነበር፤ ወርዶ መድኃኒት ያመጣ፣ ወጥቶ ስም ያደርስ ነበር። ያየ ሰው ሁሉ ስለላ ነው ቢል ይሳሳታል፤ ልማት ብቻ ነው ያለም ይሳሳታል።

ከዚያ ስልኩ መጣ። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ በመጋቢት 2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ፊንስፓይ የሚባል የስለላ ሶፍትዌር የተቃዋሚ ፖለቲከኞችን ፎቶ እንደ ወጥመድ ተጠቅሞ ኢትዮጵያውያን ላይ ሲጫን አገኘ። በዓመቱ ደግሞ ሀኪንግ ቲም የተባለ የጣሊያን ኩባንያ ሶፍትዌር ውጭ አገር ባሉ የኢሳት ጋዜጠኞች ላይ መሞከሩን ይፋ አደረገ። እንደገና ጣሊያን! አሁን ግን መድፍ አይደለም የመጣው፤ ፋይል ነው።

አንድ በአሜሪካ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ «ኪዳኔ» በሚል የተደበቀ ስም የኢትዮጵያን መንግሥት አሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ቤቱ ያለው ኮምፒውተር ወራት ሙሉ ሲቀዳበት ኖሯል። በ2017 እ.ኤ.አ. ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ክሱን ዘጋው። ምክንያቱ? ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ አልተፈጸመም፤ ከፊሉ ውጭ አገር ነው። እንግዲህ ወደ ቁራኛችን ተመለሱ። በድሮው ፍርድ የሚጠብቅህ ሰው እጁ ከእጅህ ጋር ታስሮ አጠገብህ ነበር። ዛሬ የሚያይህ ሰው ባሕር ማዶ ስለሆነ ብቻ ፍርድ ቤት እንኳ ሊያቀርበው አልቻለም። ሰንሰለቱ የቀረው በአንደኛው እጅ ላይ ብቻ ነው።

ፀጉረ ልውጥ

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያን፣ መርሳን፣ ሀብሩን ይዞ ነበር። እኔ አዲስ አበባ ነበርሁ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ተቋረጠ። ወራት ሙሉ የአያቴን ቁጥር ስደውል የምትመልስልኝ ያቺ የተቀዳች ሴት ናት። ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። ሰው ሁሉ መሰለልን ይፈራል፤ እኔ ግን በዚያ ሰሞን አንድ ሰው፣ ማንም ቢሆን፣ ግራናን አይቶ «አሉ» ቢለኝ ብዬ እመኝ ነበር። አለመታየት ምን እንደሆነ ያኔ ቀመስሁት። የ1966 ዓ.ም. ሰዎች መንገድ ዳር የወጡት ለምን እንደሆነም ያኔ ነው የገባኝ።

በዚያው ሰሞን እኔ ባለሁበት በኩል አንድ ቃል በየአፉ ነበር፤ «ፀጉረ ልውጥ»። ጥቅምት መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በየሰፈሩ ወጣት ዱላ ይዞ ሌሊት ያድራል፤ መታወቂያ ይጠይቃል። አብዛኛው ያደረገው ሰፈሩን ለመጠበቅ ነው፤ ቀጥተኛ ትርጉሙ ነቅቶ ማደር ነበር። ግን የትውልድ ቦታና ቋንቋ እየታየ የተጠረጠረ፣ የታሰረ ምንም ያላደረገ ሰውም ነበር። በ1793 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የሆነውን አስታውሱ። እንግዳን ለመመዝገብ የወጣ ዓይን ጎረቤት ላይ እስኪያርፍ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ግራና ስገባ አያቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ይህን ነው፦ «ማን ነገረህ በሕይወት መኖራችንን?» ማንም አልነገረኝም ነበር።

ክራሩ ይሰማል

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ። «ሰርቬይላንስ» በአማርኛ ምን ይባል?

እኔ አንድ ቃል አልፈልግለትም። አንድ ቃል ሲሆን ነው የሚያታልለን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የሰውን ቤት፣ ደብዳቤና የስልክ ንግግር ይጠብቃል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የግል መረጃችን እንዴት መያዝ እንዳለበት ይደነግጋል። ጥሩ ነው። ግን ሕግ የሚሠራው ነገሩን በስሙ ስንጠራው ነው። «ለደህንነታችሁ ነው» ሲባል፣ «ለክትትል ነው» ሲባል፣ «ቅኝት ነው» ሲባል መጠየቅ ያለብን ነገር አለ። የሚያየኝን ሰው አውቀዋለሁ? እኔስ እሱን መጠየቅ እችላለሁ? ያየውን ሲያይ ለእኔ ይመጣልኛል ወይስ ይመጣብኛል? መልሱ ሦስቴ መጥፎ ከሆነ ስሙ ስለላ ነው፤ የፈለገውን ሱፍ ይልበስ።

ለአያቴ ግን መልስ አለኝ፤ ዘግይቶ ቢሆንም። ክራር የሚቃኝ ሰው ምን ያደርጋል? ክሩን ይነካል፣ ጆሮውን ይሰጣል፣ የላላውን ያጠብቃል፣ የከረረውን ያላላል። ክሩ ካልተሰማ ቅኝት የለም። የአጎቴ ልጅም ሥራዋ ይኸው ነው፤ ቤት ለቤት ስትሄድ ደጅ ላይ ቆማ «ቤቶች!» ትላለች፣ ትጠይቃለች፣ ትጽፋለች፣ በሳምንቱ ክትባት ይዛ ትመለሳለች። ሰፈሩ ያውቃታል። ካልተመለሰች ይጣራታል፣ ይወቅሳታል። ቁራኛዋ ነው፤ እሷም ቁራኛው ናት።

በሌላ ማታ፣ ቡናው ላይ፣ ይህንኑ ላስረዳት ሞከርሁ። አያቴ እስከ መጨረሻው አዳምጣኝ በረካውን ቀዳች።

«እንግዲያ የእሷ አምባሰል ነው በለኛ» አለች። «ከደጃችን ነው።»